ካቻቢቴ አቀብለኝ፦ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅን ከአዳማ ቀጣሪዎች ጋር የማገናኘት ዝርዝር መመሪያ

«ካቻቢቴ አቀብለኝ።»

ዋናው መካኒክ ከሲኖትራክ ሥር ተጋድሞ እጁን ዘርግቷል። ሠልጣኙ ቆሟል። የመሣሪያ ሳጥኑ ተከፍቶ እግሩ ሥር ተቀምጧል። ልጁ የደረጃ 3 አውቶሞቲቭ ሠልጣኝ ነው፤ ስለ አየር ፍሬን ብትጠይቁት ሥዕል ሥሎ ያስረዳችኋል። ካቻቢቴ የሚባል ነገር ግን ሰምቶ አያውቅም። ኮሌጅ ውስጥ ስሙ ስክሩድራይቨር ነው። የመካኒኩ እጅ አየር ላይ ሲቆይ የጋራዡ ረዳት ጎንበስ አለና አቀበለ። ከዚያ ሁሉም ሳቁ። በማግሥቱ ልጁ ጋራዥ አልሄደም።

እኔ ያኔ የኮሌጁ የትብብር ሥልጠና አስተባባሪ ነበርኩ፤ ሥራዬ ሠልጣኞች ድርጅት ውስጥም እንዲሠለጥኑ ማገናኘት ነው። ከዚያ ጋራዥ ጋር ስምምነት ነበረን። ማኅተም ያረፈበት፣ ሲፈረም ፎቶ የተነሳንበት። «ሁለቱ ወገኖች በቅርበት ተባብረው ይሠራሉ» የሚል አንቀጽም ነበረው። ለልጁ ግን ካቻቢቴ ምን እንደሆነ የነገረው የለም። ለጋራዡም ልጁ ምን እንደሚችል የነገረው የለም።

ከዚህ በታች የጻፍኩት ያንን ክፍተት እንዴት እንደምትደፍኑ ነው። ለአስተባባሪዎች፣ ለዲኖችና ለመምህራን ብዬ ነው የጻፍኩት። ጋራዥ ወይም ሆቴል ያላችሁ ሰዎችም ብታነቡት አይከፋም። ብዙ ቦታ ላይ ለእናንተ አደላለሁ።

መጀመሪያ በእግር ዙሩ

አብዛኛው ኮሌጅ የሚጀምረው ከደብዳቤ ነው። «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ 40 ቅጂ ያትማል፣ በተላላኪ ይበትናል፣ መልስ ይጠብቃል። መልስ አይመጣም። ጋራዥ ውስጥ ደብዳቤ የሚነበብበት ጠረጴዛ የለም። ካለም የካምቢዮ ዕቃ ተደርድሮበታል።

ደብተር ያዙና በእግር ዙሩ። አዳማ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በጅቡቲ መንገድ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሞጆ ደረቅ ወደብ ቅርቧ ነው። የጅቡቲው ባቡር በዚህ ያልፋል። ወንጂ ስኳር ከ1946 ዓ.ም ጀምሮ ጎረቤቷ ነው። በ2011 መጀመሪያ የተመረቀ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። ዳር ዳሩ ላይ በሁለት ዙር የተተከሉ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ የነፋስ ተርባይኖች ይሽከረከራሉ። ስለ ከተማዋ ኢንዱስትሪ ሪፖርት ሲጻፍ ሁልጊዜ እነዚህ ይዘረዘራሉ። እውነቱን ለመናገር ግን ሠልጣኞቻችሁን የሚቀበለው ተርባይኑ አይደለም። ጋራዡ፣ ጎሚስታው፣ ብየዳ ቤቱ፣ ቶርኖ ቤቱ፣ የአሉሚኒየም በርና መስኮት የሚሠራው ወርክሾፕ፣ የስብሰባ አዳራሽ ያለው ሆቴል ነው። ብዙዎቹ ከ3 እስከ 15 ሰው የሚሠራባቸው ቤቶች ናቸው።

ሁለት ሳምንት ስጡት። አንድ ቀን የአሰላን መውጫ፣ አንድ ቀን የመተሐራን መውጫ፣ አንድ ቀን መሀል ከተማውን። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ገጽ ስጡና እነዚህን ጻፉ፦

– ምን ይሠራሉ? («ጋራዥ» አይበቃም። ሞተር ነው፣ ካምቢዮ ነው፣ ባሌስትራ ነው፣ አውቶ ኤሌክትሪክ ነው፣ ቀጥቃጭና ቀለም ነው?)
– ስንት ሰው አለ? ከነሱ ውስጥ ማስተማር የሚወደው ማን ነው?
– የሚወስነው ማን ነው? ባለቤቱ፣ ወንድሙ፣ ወይስ ገንዘብ የምትቀበለው ልጅ?
– ሥራ የሚበዛባቸው መቼ ነው?
– መጸዳጃ ቤት አለ? በሩ ይቆለፋል?
– ባለፉት 6 ወራት ምን ዓይነት ባለሙያ ፈልገው አጡ?

የመጨረሻውን ጥያቄ አትዝለሉ። «ምን ዓይነት ሠልጣኝ ትፈልጋላችሁ?» ብትሉ «ጎበዝና ታማኝ» ይሏችኋል። ይህ ምንም አይነግራችሁም። «ማንን አጣችሁ?» ስትሉ ግን ወሬው ይመጣል። «የኤሌክትሪክ ጉዳይ የገባው ሰው አጣን፤ አዲሶቹ መኪኖች ሲመጡ ዲያግኖስቲክ ማሽን የሚያነብ የለንም፤ ሌላ ከተማ እንልካለን» ያለኝ ሰው አለ። ኮሌጅ ያን ማሽን ከነፕላስቲኩ አስቀምጦት ነበር።

ሰዓቱንም ምረጡ። ሰኞ ጠዋት ጋራዥ አትግቡ። ማዳበሪያ ከጅቡቲ በሚጓጓዝበት ሰሞን የከባድ መኪና ጋራዥ ፋታ የለውም። ከምሳ በኋላ፣ 9 ሰዓት ገደማ፣ ጀበናው ሲቀርብ ሂዱ። ባለቤቱ በዕድሜ ከፍ ያሉ ከሆኑ ጋሼ ወይም ኦቦ ብላችሁ፣ የቀረበላችሁን ቡና ጠጥታችሁ ነው ወደ ጉዳይ የሚገባው። ቡናውን «ቸኩያለሁ» ብሎ የተወ አስተባባሪ ለሠልጣኝ ቦታ ሲለምን አያምርበትም።

«እኔስ ምን አገኛለሁ?»

ይህን ጥያቄ ባለቤቱ አፍ አውጥቶ ላይጠይቅ ይችላል። ግን ሁሉም በልቡ ይጠይቃል። እኛ የምንሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ «ለአገር ነው» የሚል ነው። ለአገር መሆኑ እውነት ነው። ግን እሱ የቤት ኪራይ አለበት፣ የግብር ሰው ይመጣበታል፣ ሠልጣኙ የሰው ሞተር ቢያበላሽ የሚከፍለው እሱ ነው።

ችግሩ ከሥሩ ነው። ሠልጣኝን በድርጅትና በትምህርት ቤት ከፍሎ የማሠልጠን ሐሳብ ስንወስድ በብዛት ያየነው ጀርመኖችን ነው። እዚያ ወጣቱ በቅድሚያ ውል የሚፈርመው ከድርጅቱ ጋር ነው። በሳምንት 3 ወይም 4 ቀን ድርጅቱ ውስጥ ይሠራል፣ ቀሪውን ትምህርት ቤት ይውላል፣ ወርሃዊ ክፍያም አለው። ልጁ የድርጅቱ ልጅ ነው። እኛ ጋ ተገላቢጦሽ ነው። ልጁ የኮሌጁ ነው፤ ድርጅቱ እንግዳ ተቀባይ ነው። ስለዚህ እንግዳ ይዞ የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን አይሂድ።

በእጃችሁ ምን አለ? ከምታስቡት በላይ።

አንደኛው የምስክር ወረቀት ነው። ለሠልጣኙ ማለቴ አይደለም፣ ለጋራዡ ሠራተኞች። 20 ዓመት ሞተር ሲፈታ ሲገጥም የኖረ፣ ወረቀት ግን የሌለው መካኒክ በየጋራዡ አለ። ሙያውን በሥራ ላይ የተማረ ሰው ኮሌጅ ሳይገባ በብቃት ምዘና፣ ማለትም በሲኦሲ፣ ችሎታውን አስመዝኖ የምስክር ወረቀት ማግኘት ይችላል። ብዙዎቹ ይህን አያውቁም። የሚያውቁትም ፎርሙን ይፈሩታል፤ የጽሑፉን ፈተና ይፈሩታል። አንድ መምህር ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ሰዓት እየተቀመጠ የጽሑፉን ክፍል ቢያዘጋጃቸው፣ ምዝገባውንም አብሯቸው ቢጨርስ፣ ያ ጋራዥ ሠልጣኝ አልቀበልም አይላችሁም። ወረቀት ያገኘው መካኒክም ሠልጣኝ ሲመጣለት ደረቱን ነፍቶ ያስተምራል።

ሁለተኛው የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን ነው። ኮሌጆች ለጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅቶች በቴክኒክ ክህሎት፣ በካይዘን፣ በቴክኖሎጂና በሥራ ፈጠራ ድጋፍ መስጠት ሥራቸው ነው። በተግባር ግን መምህሩ ሄዶ ቅጽ አስፈርሞ ይመለሳል። ቅጹን ተዉትና ከባለቤቱ ጋር አንድ የሚያመውን ነገር ፈልጉ። የመሣሪያ ቦታ ይሁን፣ የዘይት መጣያ ይሁን፣ የደንበኛ ሒሳብ አያያዝ ይሁን። አንድ ብየዳ ቤት ላይ የላሜራ ቁርጥራጭ በመጠን ተለይቶ የሚቀመጥበት መደርደሪያ ከሠልጣኞች ጋር ሠርተን ነበር። ባለቤቱ እስከዛሬ ያነሳልኛል። ድሮ ቁርጥራጭ ሲፈልግ ከክምሩ ሥር መቆፈር ስለሚሰለቸው አዲስ ላሜራ ይቆርጥ ነበር።

ሦስተኛው ማሽን ነው። ኮሌጁ ውስጥ ቶርኖ አለ፣ ሚሊንግ አለ፣ ከሰዓት በኋላ ማንም አይነካቸውም። የአሠራር ደንቡ በሚፈቅደው መንገድ፣ በዲኑ ፊርማ፣ ጋራዡ የሚያስፈልገውን ዕቃ ሠልጣኞች በመምህር ፊት ቢያስተካክሉለት ሁለቱም ይጠቀማሉ።

አራተኛው የመጀመሪያ ምርጫ ነው። «ከዚህ ባች የወደዳችሁትን ሠልጣኝ ሌላ ሰው ከመቅጠሩ በፊት እናንተ ተነጋገሩት» በሏቸው። ጎበዝ ሠራተኛ ለማግኘት ሲለምኑ ለኖሩ ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ሰው እዚህ፣ አንድ ሰው እዚያ

ትስስር በተቋማት መሀል ነው ይባላል። እኔ ያየሁት በሁለት ስልክ ቁጥሮች መሀል ነው። ከኮሌጁ አንድ መምህር፣ ከድርጅቱ አንድ ሰው። የኮሌጁ ሰው ለ5 ወይም ለ6 ድርጅቶች ብቻ ኃላፊ ይሁን። 30 ከሰጣችሁት አንዱንም አያውቅም። የድርጅቱ ሰው ባለቤቱ ባይሆን ይመረጣል። ባለቤቱ ይፈቅዳል እንጂ አያስተምርም። ዋናውን መካኒክ፣ የወጥ ቤት ሼፏን፣ የብየዳውን አለቃ ያዙ። ባለቤቱ ባለበት ስሙን ጥሩና «እኚህ ልጆች ከእርስዎ ጋር ናቸው» በሉ። ሰው ሲታመን ይሠራል።

የሥራ ዝርዝሩን አብራችሁ ጻፉት

እዚህ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ካቻቢቴው የወደቀው እዚህ ነውና።

እያንዳንዱ ሙያ የራሱ የሙያ ደረጃ ሰነድ አለው። ሠልጣኙ በእያንዳንዱ ደረጃ ምን መቻል እንዳለበት በብቃት አሐድ ተከፋፍሎ ተጽፏል። ሰነዱ ጥሩ ነው፤ ግን ጋራዥ ውስጥ አይነበብም። ስለዚህ መምህሩና ዋናው መካኒክ አንድ ከሰዓት አብረው ይቀመጡ። በአንድ በኩል ሰነዱ፣ በሌላ በኩል ጋራዡ ባለፈው ወር የሠራቸው ሥራዎች። ሁለቱን አጋጥሟቸው።

ለምሳሌ ሰነዱ «የፍሬን ሥርዓትን መፈተሽና መጠገን» ይላል። ጋራዡ ደግሞ «የፍሬን ሸራ ቅየራ፣ ታምቡር ማስላጥ፣ የአየር መስመር ማጽዳት» ይላል። በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን አድርጓቸው። ከዚያ በየረድፉ ሦስት ሳጥን ሥሩ፦ አየ፣ ረዳ፣ ብቻውን ሠራ። መካኒኩ በቀኑ ምልክት ያደርጋል። አለቀ። 20 ገጽ ሎግ ቡክ የሚሞላ መካኒክ አላየሁም፤ ሦስት ሳጥን የሚሞላ ግን አይቻለሁ።

ጋራዡ የማይሠራውን ነገርም ለይታችሁ አውጡ። ጎሚስታ ቤት ሞተር አይወርድም። ሰነዱ ላይ ያለ፣ በዚያ ቤት ግን የማይገኝ ሥራ ካለ ወይ ኮሌጅ ውስጥ ይሠራል፣ ወይ ልጁ ለሁለት ሳምንት ሌላ ቤት ይዛወራል። ይህን ቀድማችሁ ካላያችሁ ምዘና ላይ ልጁ ያላየውን ነገር ይጠየቃል።

ቀጥሎ የቃላት ገጽ አዘጋጁ። የጋራዥ አማርኛችን ግማሹ ጣልያን ነው፤ ኮሌጁ ደግሞ በእንግሊዝኛ ያስተምራል። ልጁ በሁለቱ መሀል ይወድቃል። እኛ በአንድ ገጽ ያዘጋጀነው እንዲህ ይመስላል፦

– ስክሩድራይቨር፦ ካቻቢቴ
– ፕላየርስ፦ ፒንሳ
– ቦልት እና ነት፦ ብሎን እና ዳዶ
– ቫይስ፦ ሞርሳ
– ቤሪንግ፦ ኩሽኔታ
– ጋስኬት፦ ጓርኒሲዮን
– ክላች፦ ፍሪሲዮን
– ጊር ቦክስ፦ ካምቢዮ
– ሊፍ ስፕሪንግ፦ ባሌስትራ
– ፋን ቤልት፦ ችንጋ
– ጃክ፦ ክሪክ
– ሌዝ ማሽን፦ ቶርኖ
– ድሪል፦ ትራፓኖ

ዝርዝሩን መጀመሪያ ለጋራዡ ሰዎች አሳዩአቸው። የራሳቸው ቃል ስለሆነ ይጨምሩላችኋል፣ ያርሙላችኋልም። አዳማ ውስጥ በኦሮምኛ ብቻ የሚጠሩ ነገሮችም ያጋጥማሉ። ሠልጣኙ ከመውጣቱ በፊት ባለው ሳምንት ውስጥ በቃሉ ይያዘው። ስልክ ላይ ፎቶ አንስቶ ቢይዘውም ይሆናል። ቀልድ ይመስላል እንጂ እንደዚህ ገጽ ልጆችን ከመሳቂያነት ያዳነ ነገር አላውቅም።

ስምምነቱ አንድ ገጽ ይሁን

ስምምነት አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ አጭር ይሁን ነው። በኦሮምኛና በአማርኛ ቢዘጋጅ ማንም ሰው «አልገባኝም» አይልም። እነዚህ ካሉበት ይበቃል፦

ስንት ሠልጣኝ፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ በሳምንት የትኞቹ ቀናት፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት። ቱታና ሴፍቲ ጫማ የማን ነው? ምሳና ትራንስፖርት የማን ነው? ብየዳ ላይ መነጽር የሚያቀርበው ማን ነው? ልጁ ዕቃ ቢሰብር ማን ይከፍላል? ልጁ ቢጎዳ የሕክምና ወጪውን ማን ይሸፍናል፣ ማን ጋ ይደወላል? ካልተስማማችሁ እንዴት ትለያያላችሁ?

ስለ ጉዳት ያለውን ጥያቄ ሁሉም ሰው ይሸሸዋል። «እግዜር አያምጣው» ተብሎ ይታለፋል። አትለፉት። አንድ ጊዜ አንድ ሠልጣኝ የግራይንደር ድንጋይ ተፈናጥሮ ቅንድቡን ሰነጠቀው። አምስት ስፌት። ኮሌጁ «ድርጅቱ ውስጥ ነው የተጎዳው» አለ፣ ድርጅቱ «ልጁ የእናንተ ነው» አለ። በመጨረሻ ያሳከመችው እናቱ ናት፣ ጎመንና ሽንኩርት ሸጣ። ስምምነታችን አራት ገጽ ነበር፤ ስለ ጉዳት አንድ ቃል የለበትም። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ዕድሜም አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይቀጠርም። ከ15 እስከ 18 ያለው ወጣት ሠራተኛ ይባላል፤ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜም አይሠራም። ብዙ ሠልጣኞች ዛሬ ከ12ኛ ክፍል በኋላ ስለሚመጡ ከ18 በላይ ናቸው። ከዚያ በታች ያለ ካለ ግን የሠራተኛ ያህል እንኳ እንዳይጫንበት ይህንኑ ልክ ስምምነቱ ላይ ጻፉ። ጋራዥ ውስጥ «መኪናው ነገ ይወጣል» ከተባለ ሌሊቱ ሲነጋ ነው የሚታወቀው።

የጊዜ ሰሌዳ

በአገራችን የትብብር ሥልጠና ሲነሳ 70 ለ 30 የሚል ቀመር አለ። 70 በመቶ ድርጅት ውስጥ፣ 30 በመቶ ኮሌጅ። በወረቀት ያምራል። በተግባር ግን ብዙ ቦታ ልጆቹ መጨረሻ ላይ ለሁለት ወር «አፓረንት»፣ ማለትም ለሥራ ላይ ልምምድ፣ ይወጣሉ፣ ወረቀት አስፈርመው ይመለሳሉ። አንድ ቀን ላይ ተነስታችሁ 70 ላይ አትደርሱም። በሳምንት ሁለት ቀን ጀምሩ። ማክሰኞና ሐሙስ ድርጅት፣ ሌላው ኮሌጅ። ልጁ ማክሰኞ ያየውን ረቡዕ ለመምህሩ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ ነው መምህሩን ራሱን የሚያስተምረው።

ለሆቴል ሙያ ግን ሁለት ቀን አይሠራም፤ ወጥ ቤት ሽፍት አለው። እዚያ ሦስት ሳምንት በአንድ ላይ ስጡ። ወቅቱንም አስቡ። አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ግንቦትና ሰኔ ላይ ወርክሾፑ ይበዛል፤ አዳራሹ ይሞላል፤ ቡፌው እስከ ማታ አይነሳም። አዲስ ሠልጣኝ በዚህ ሰሞን ከላካችሁ ሳህን ሲያጥብ ይከርማል። የካቲት ላይ ላኩት፣ ሙያውን ይያዝ፤ ግንቦት ሲመጣ ለሆቴሉ ይጠቅማል፣ ሆቴሉም ይከፍለዋል።

ሴት ሠልጣኞች

አውቶሞቲቭና ብየዳ የሚማሩ ሴቶች አሉ። ችግር የሚገጥማቸው ኮሌጅ ውስጥ ሳይሆን ሲወጡ ነው። መጸዳጃ ቤት የሚቆለፍ በር አለው ወይ ብዬ ስጠይቅ የሳቁብኝ ነበሩ። የምጠይቀው ግን ልብስ የሚቀየርበት ቦታ ስላልነበራት ቱታዋን ከቤቷ ለብሳ በባጃጅ የምትመጣ፣ ከዚያም ሰፈር ውስጥ መነጋገሪያ ሆና ያቋረጠች ልጅ ስለማውቅ ነው።

የምመክረው እንዲህ ነው። ለብቻዋ አትላኳት፤ ሁለት ሁለት ሆነው ይሂዱ። ሌላ ሴት የምትሠራበት ቤት ካለ ያ ይቅደም፣ ሒሳብ ያዥም ብትሆን። ችግር ቢገጥማት የምትደውልላት ሴት መምህርት ስም ከመውጣቷ በፊት ይሰጣት። ጨዋታው መሥመር የሳተበት ቤት ካለ አንድ ጊዜ ተነጋገሩ። ሁለተኛ ከተደገመ ያን ቤት ከደብተራችሁ ሰርዙት። ቦታ ይጠፋል ብላችሁ አትፍሩ፤ ሌላው ጋራዥ ስለ እናንተ የሚሰማው ነገር ይሻላል።

ክትትል፦ መጥረጊያውን ማን ያዘ?

በሁለተኛው ሳምንት ሳትናገሩ ብቅ በሉ። ለመቆጣጠር ሳይሆን ለማየት። ልጁ እጅ ላይ ምን አለ? መጥረጊያ ነው? የሻይ ሰሃን ነው? ቁልፍ ነው?

መጥረጊያ ነውር አይደለም። ጋራዥ ውስጥ ሁሉም ከመጥረጊያ ጀምሯል። ሁለተኛ ወር ላይም መጥረጊያ ከሆነ ግን ችግር አለ። ያኔ ልጁን ጥፋተኛ አታድርጉ፤ ጋራዡንም አትውቀሱ። የሦስት ሳጥኗን ወረቀት አውጡና ለመካኒኩ «ይህቺ ረድፍ ባዶ ናት፤ በዚህ ሳምንት ሸራ የሚቀየርለት መኪና ይኖር ይሆን?» በሉት። ብዙ ጊዜ ረስቶት ነው። አንዳንዴ ደግሞ ልጁ ራሱ ስልክ ላይ ተጥዶ ነው የሚውለው፤ ይህም አለ፣ አንደባብቀውም።

ሌላው የሚያጋጥመው የ«ሙያ መደበቅ» ነው። አንዳንድ መካኒክ ልጁ ነገ ጎኑ ላይ ጋራዥ ይከፍትብኛል ብሎ ይፈራል። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አይባልም። ለእነዚህ ሰዎች የሚሠራው በምዘናው ውስጥ ማስገባት ነው። በእኛ አሠራር መዛኞች ከኢንዱስትሪው እንዲመጡ ይፈለጋል። መስፈርቱን የሚያሟላውን መካኒክ ለመዛኝነት እንዲመዘገብ አግዙት። መዛኝ የሆነ ሰው ስሙ በከተማው ይነሳል። ልጁ የእሱ ደቀ መዝሙር መሆኑ ያኮራዋል እንጂ አያስፈራውም።

መምህራንም ይውጡ

ይህን ስል መምህራን ይቆጡኛል። ግን ከ10 ዓመት በፊት ከኮሌጅ ተመርቆ እዚያው ያስተማረ፣ የደንበኛ መኪና ነክቶ የማያውቅ መምህር አለ። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ የላከው የለም። በክረምት ሁለት ሳምንት ጋራዥ ይግባ፤ ለሠልጣኝ የተሰጠው ቱታ ለእሱም ይሰጠው።

አሁን ደግሞ ግድ ሆኗል። ከጥር 2016 ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል፤ የኤሌክትሪክ መኪና መንገዱ ላይ እየበዛ ነው። ጋራዡም ኮሌጁም ስለ ትልቁ ባትሪ እኩል አዲስ ናቸው። እዚህ ላይ ኮሌጁ ቢቀድም መልካም ነው፤ ቀድሞ ተምሮ ጋራዦቹን ቅዳሜ ቢጠራ ማን አይመጣም? የሚጀመረው ደግሞ ከደኅንነት ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው፤ የለመዱት የ12 ቮልት ባትሪ አይደለም። ጓንትና የማጥፊያ ቅደም ተከተል ያላወቀ ሰው ክዳኑን መክፈት የለበትም።

ትልልቆቹ ፋብሪካዎች

ስለ ኢንዱስትሪ ፓርክ አጭር እላለሁ። እዚያ የምታገኙት ባለቤቱን ሳይሆን የሰው ኃይል ክፍሉን ነው። ኢሜይል ይሠራል፣ ደብዳቤ ይነበባል፣ ቀጠሮ ይከበራል። የሚፈልጉትም በብዛት ነው፤ 3 ሠልጣኝ ሳይሆን 50 ኦፕሬተር። ለኦፕሬተርነት የሚሰጡት ሥልጠና አጭር ነው፣ የእናንተን ሠልጣኝም ለመስፋት ብቻ ያዩታል። እናንተ ጥገናውን ጠይቁ። የስፌት ማሽን መካኒክ፣ የቦይለር ሰው፣ የኤሌክትሪክ ጥገና። እነዚህ ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ ልጁን የሚያሳድጉት ግን እነሱ ናቸው።

አንድ ቀጣሪ ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ። ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ከመላክ ዕድል፣ ተጠቃሚነት ስትሰረዝ፣ ታኅሣሥ 2014 ላይ፣ የአልባሳት ፋብሪካዎች የአሜሪካ ገበያቸው ተናጋ። ከዚያ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ ሐዋሳ ላይ ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ አልባሳት ኩባንያ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አሳውቆ ነበር። ሁሉንም ሠልጣኝ ለአንድ ፓርክ ያዘጋጀ ኮሌጅ እንዲህ ባለ ሰሞን የሚያደርገው ይጠፋዋል።

ከተመረቁ በኋላ ደውሉ

ምረቃው አልቆ ጋዋኑ ከተመለሰ ከ6 ወር በኋላ ለእያንዳንዱ ልጅ ደውሉ። ጥያቄው አራት ነው፦ ሥራ ይዘሃል? የት? የተማርከውን ትሠራበታለህ? ምን ጎደለህ? ለ60 ልጆች ሁለት ቀን ይበቃል። ስልካቸውን ስለሚቀይሩ የወላጅ ቁጥርም ያዙ። ያንኑ ሳምንት ለቀጣሪዎቹም ደውሉና «የወሰዳችሁት ልጅ ምን አያውቅም?» በሏቸው። መልሱን በትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ላይ እንደ ወረደ አንብቡት፣ አታለስልሱት። እኛ ጋ በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ቀጣሪ የደጋገመው «ካሊብሮ ማንበብ አይችሉም» የሚል ነበር፤ ካሊብሮ የዕቃ ውፍረት መለኪያው ነው። እንዴት ብለን ተናደድን። ወርክሾፕ ገብተን ስንቆጥር ለ25 ልጅ ሁለት ካሊብሮ ነበር፤ አንዱ የተበላሸ።

ደብተሩ

አስተባባሪ ይዛወራል። እኔም ተዛውሬያለሁ። የያዛችሁት ግንኙነት ሁሉ በእናንተ ስልክ ውስጥ ካለ አብሯችሁ ይሄዳል፤ የሚተካችሁ ሰው እንደገና «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ይጀምራል። ደብተሩን አስረክቡ። ከማስረከባችሁ በፊት አንድ ሳምንት ከአዲሱ ሰው ጋር ጋራዦቹን ዙሩ፣ በስም አስተዋውቁት፣ ቡናውን አብራችሁ ጠጡ።

የእኔ ደብተር በቅባት የተነካካ ነው። የአንድ የካምቢዮ ባለሙያ ገጽ ላይ የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ «2 ልጅ ይወስዳል። 3 ቢሉት እሺ ይላል፣ ግን አይመቸውም። ሠልጣኟ ሴት ከሆነች ለሚስቱ ቀድሞ ይነገር። ከ9 ሰዓት በፊት አትደውል።»